የገዛ ቀብሯን ስላበላሸችው ኦኖራ ለክቡር ዳኛችን የቀረበ ምስጋና

ኪልድሪን፣ ማዮ አውራጃ፣ አየርላንድ
ጥቅምት 1881

ለክቡር ሻምበል ፔምበርተን፣ ለኪልድሪን ዳኛ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ጢምዎና የአደን ውሾችዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሬሳ ሣጥን ሠሪው ማላኪ ሬጋን ከአርባ ጎረቤቶቼ ጋር በራስዎ ፖሊስ ጣቢያ ታስሬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ለሕዝብ እንዲነበብ በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ የሚለጠፍ መሆኑን በቅንነት ይዩልኝ።

፩ኛ፦ በቅድሚያ እናንተ ከባሕር ማዶ የመጣችሁ ገዢዎቻችን ከጥንት ጀምሮ ስለምታወጡልን ሕግ አመሰግናለሁ። በቅድመ አያቴ ዘመን የነበሩት ዳኞች እንደ እኛ ያለ ካቶሊክ ጥሩ ፈረስ እንዳይኖረው ቢከለክሉ፣ ቅድመ አያቴ ፈረሱን ዳኛ ባየ ቁጥር እንዲያነክስ አስተማረው። በአያቴ ዘመን ትምህርት ቤታችንን ቢዘጉብን፣ አያቴ ከአጥር ሥር ተቀምጦ ላቲን ተማረ፤ የክቡርነትዎን ላቲን በችሎት ለሰማን ሰዎች አጥሩ ከግድግዳ እንደሚሻል ግልጽ ነው። በአባቴ ዘመን ድንቹ በበሽታ ሲበሰብስ እህላችንን በመርከብ ወደ አገራቸው አስጫኑና ረሃብተኛውን የትም የማይደርስ መንገድ አሠሩት። ሁለት ወንድሞቼ የሞቱት እዚያ መንገድ ላይ ነው። በዚህኛው መቀለድ አልችልም።

፪ኛ፦ ጎረቤታችን ኮልማን ጊንቲ ሠረገላዎ ሲያልፍ አፏጭቷል ብለው ሁለት ወር ስለፈረዱበትም ምስጋናችን ይድረስዎ፤ በእርግጥ ፉጨቱ ዜማ አልነበረውም። ነገር ግን ሚስቱ ሳቢናና አምስት ልጆቿ ለክረምቱ ያላቸው ምግብ በማሳቸው ያለው ድንች ብቻ ነው፤ ውርጭ ከቀደመን ልጆቹ ይራባሉ። የእስረኛን ድንች በደቦ በአንድ ቀን ማውጣት የቆየ ልማዳችን ነው። እርስዎ ግን ከአሥራ ሁለት የሚበልጡ ወንዶች አካፋ ተሸክመው አብረው ከሄዱ የጦር ልምምድ ነው ብለው አወጁ፤ ድንችን የሚያስፈራ ጦር አለን ብሎ ያከበረን መንግሥት እስከ ዛሬ አላየንም።

፫ኛ፦ ቀብርን ስላልከለከሉ ደግሞ በተለየ ሁኔታ አመሰግናለሁ። አርባ አካፋ በሠራሁት ሬሳ ሣጥን ከትተን፣ ለሟችነት የሰባ ስድስት ዓመቷን ኦኖራ ኬሊን መረጥን፤ እሷም ደስ ብሏት ተስማማች። ፊቷን በሻሏ ሸፍና የራሷን ሣጥን ተከትላ ስትሄድ መንገድ ላይ የቆመው ፖሊስዎ ሃምሳ አለቃ ቲንስሊ እንኳ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን ዝቅ አድርጎ ነበር። ማሳው ሊደረስ ጥቂት ሲቀር፣ እንደ ወጋችን ሟችን የምታወድሰው አልቃሽ ሙሾዋን እያወረደች «የሠላሳ በግ እመቤት» አለች። ኦኖራ ይህን መቻል አቃታት።

«ሠላሳ? አንቺ ውሸታም! አርባ ሁለት ነበሩ! ቅቤዬንስ ምነው ዘለልሽው?»

ሃምሳ አለቃው «እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?» ቢላት፣ «ሟቿ ነኛ!» ብላ አፈጠጠችበት። ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር ያውቁታል፤ ሣጥኑም፣ አካፋውም፣ አርባ አንዳችንም ታሰርን፤ የአካባቢያችን አሥራ ሁለት ፖሊሶችም ሌላ ሥራቸውን ትተው እኛን ይጠብቃሉ። ኦኖራ ግን ለሞተ ሰው የሚሆን ክስ ስላልተገኘ ተለቀቀች።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ውርጩ ዛሬ ነገ እያለ ነውና ለአምስቱ ልጆች ሲሉ ለአንዲት ቀን ብቻ እንዲለቁን፣ ድንቹን አውጥተን በገዛ እግራችን ተመልሰን እንደምንታሰር በክብሬ ቃል እየገባሁ፣ እጅ ነስቼ እለምናለሁ።

ልክዎን ወስጄ ጥሩ እንጨት ለማስቀመጥ ዘወትር ዝግጁ የሆንኩ፣ የክቡርነትዎ ትሑት፣ ታዛዥና እስረኛ አገልጋይ፣

ማላኪ ሬጋን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ላሽግ ስል ባለቤቴ ባርባራ በመስኮቱ ፍርግርግ ዳቦ እያቀበለችኝ፣ «አንተ ተጋደም እዚህ! ፖሊሶቹ ሁሉ እናንተን ከበው ሲያፈጡ እኛ ሴቶቹ የሳቢናን ድንች ጠራርገን አወጣነው፤ አንዲት ፍሬ አልቀረችም» አለችኝ። አዋጅዎ ወንዶችን ብቻ ስለሚከለክል ሕግ አልተጣሰም፤ እኔም ልመናዬን አንስቻለሁ። እንዲያውም የሚቻል ከሆነ እስከ ቅዳሜ ባይፈቱን፤ ሴቶቹ የክረምቱን ማገዶም ማስገባት ስላለባቸው፣ ያለ እኛ ሥራው ይፈጥናል ብለዋል።