የወንበሬ ትራስ

ለምወድሽ አክስቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ የቢሮውን ደረጃ ለመደው ወይስ አሁንም ይነጫነጫል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉንፋኑም ለቆኛል። ድምፄ ብቻ ሻክሯል፤ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ስለምውል ማረፊያ አላገኘም።

ባለፈው ለወንበሬ የሰፋሽልኝ ትራስ ሳስቶ ብረቱ ቆረቆረኝ ስልሽ፣ ሌላ ልስፋልሽ ብለሽኝ ነበር። እኔም፣ ተይው፣ በቅርቡ ከዚህ ወንበር እነሳለሁ አልኩሽ።

ሱቄ ሲፈርስ ለምነሽ ያስገባሽኝ ይህ የኮምፒውተር እርዳታ ክፍል አሳድሮኛል፤ አልክድም። ግን መስኮት እንኳ የለውም። ስልኩ ይጮኻል፣ አነሳለሁ፣ "አጥፍተው ያብሩት" እላለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ደግሞ ይጮኻል። ወደ መረጃ ደህንነት ክፍል ለመዛወር ማታ ማታ ተምሬ ፈተናውን አለፍኩ። ባመለከትኩ ቁጥር ግን አለቃዬ ወረቀቴን ይመልሰዋል። "አንቺ ከሄድሽ ይሄን ሁሉ ሰው ማን ያባብልልኛል?" ነው መልሱ። ከነጋዴነቴ የተረፈኝ ሙያ ሰው ማባበል ነው፤ እሱው እግር ብረት ሆነብኝ።

በዚህ ሳምንት የደህንነት ክፍሉ ኃላፊ ራሱ ጠራኝ። አለቃሽን እኔ አሳምነዋለሁ፣ መጀመሪያ ግን አንድ ሥራ ሥሪልኝ አለ። ወደ ቅርንጫፎች እየደወልኩ፣ ኮምፒውተርዎን ላስተካክልልዎ ፓስወርድዎን ይንገሩኝ እላለሁ። የነገረኝ ሰው ጥፋት ይመዘገብበታል። ሌባ የሚገባው እንዲህ ነው አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔንም በሱቅ ዘመኔ የዘረፈኝ በር የሰበረው ሳይሆን "እህቴ" እያለ የገባው ነበር።

ደወልኩ። ሒሳብ ሹሟ፣ "አንቺ ነሽ እንዴ? አንቺማ ቤተኛ ነሽ" ብላ ፊደል በፊደል ነገረችኝ፤ ጉንፋኔንም ጠየቀችኝ። መጋዘን ጠባቂው፣ "ቆይ መነጽሬን ላድርግ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ለጥፌዋለሁ" አለ። እምቢ ያለኝ የለም። ኃላፊው ከጎኔ ቆሞ፣ "ከዚህ ድምፅ ማን ያመልጣል" እያለ ይስቃል። በንግድ እንዲህ ቀንቶኝ አያውቅም፤ እንዲህ አፍሬም አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት የእናንተ ቅርንጫፍ ተራ ነው። ለዚያኛው ሌላ ሰው ይደውል አልኩት። "ዝምድናችሁን አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው አንቺ የምትደውዪው" አለኝ። ቀጠለና፣ ሁሉም ሰጥቶሽ አክስትሽ ብቻ እምቢ ካለች ማን እንደነገራት አልጠይቅሽም፤ ዝውውሩን ግን እርሺው አለ። ምስጢር እንድጠብቅም አስፈርሞኛል።

ማታ የቀን ውሎዬን ስጽፍ እንደ ድሮዬ ወዲህም ወዲያም መዘንኩት። ኮምፒውተርሽን ከፍተሽ ለባልደረባሽ ትተሽ የወጣሽ ጊዜ የተሰጠሽ ማስጠንቀቂያ አለ። ሌላ ከተጨመረበት ያሰናብቱሻል፤ ጡረታሽ ደጃፍ ደርሷል። ፓስወርድሽን ደግሞ የቱንም ያህል ቀይሪው ብልሽ መልሰሽ የልጅነት ስሜን ታደርጊዋለሽ። ብጠይቅሽ ገና ሳልጨርስ ትነግሪኛለሽ።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወደ እናንተ ቅርንጫፍ በሚመላለሰው የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር እጅ ልኬዋለሁ፤ እንዳነበብሽው ቅደጂው። ሰኞ ስልክ ይደወልልሻል። ድምፁ የኔ ነው፣ ሳቁም የኔ ነው፤ አክስቴ ብሎም ይጠራሻል። እኔ ነኝ ብለሽ እንዳታምኚው። እኔው ነኝ፤ ግን እንዳታምኚው። "ፓስወርድ በስልክ አይሰጥም" ብለሽ ዝጊብኝ። እየሰሙኝ ስለሆነ ሥራዬን ሳልሰስት ነው የምሠራው፤ እለማመጥሻለሁ። አላሳዝንሽ፣ ዝጊ። ለሒሳብ ሹሟና ለመጋዘን ጠባቂው እንዲህ የጻፈላቸው አልነበረም፤ ይህ እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ደረጃውን ቀስ ብለሽ ውጪ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ከዚያ ቢሮ የምትወጪበትንም ቀን በክብርና በሳቅ ያድርግልሽ።

ልረሳው ነበር፤ ትራሱን ስፊልኝ። ወፈር ይበል፤ ጨርቁም ቶሎ የማይሳሳ ይሁን።

የእህትሽ ልጅ