ነፋስ አልነበረም

ውድ ኦዳ፣

ሰበታ እንዴት ነው? የሰርጉ ሽር ጉድ እናትህን አላደከማቸውም? «ሚዜዬ ሁን» ብለህ ከደወልክልኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እሺ ያልኩህ በአፌ ነው። ሱፉን ገዝቼ አልጋው ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ ልለካው እንኳ አልደፈርኩም። በእናትህ ይሁንብህ፣ ይህን ሳትጨርስ እንዳትቀደው።

ቡራዩ፣ አከራያችን ኦቦ ኢቲቻ ግቢ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ስንኖር አንተ ክራርህን ትለማመዳለህ፣ እኔ ልብ ወለዴን እጽፋለሁ። ያላወቅከው ነገር፣ ያ ነፍሰ ገዳይ ገጸ ባሕሪዬ ያላንተ አይንቀሳቀስም ነበር። ስትጀምር ይነሳል፤ ስታፈጥነው ጩቤውን ይመዛል፤ ስታቆም ወረቀቱ ላይ እንደ ግንድ ተጋድሞ ይቀራል። በስልኬ ስንት ዘፈን ከፈትኩለት፣ ወይ ፍንክች። አንድ ቀን በግድግዳው በኩል «ቢኒ፣ ዛሬ ስንት ሰው ገደልክ?» አልከኝ። «ሦስት፤ አንዱ ባንተ ጦስ» አልኩህ። በሳቅ ሞትን።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። እየሮጥክ ገብተህ «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ የሙዚቃ ባንዱ ተቀበለኝ። ሰኞ አዳማ እገባለሁ» አልከኝ። እኔ አንድ ምዕራፍ ቀርቶኛል። ገዳዩ የመጨረሻው ሰው ደጅ ላይ ቆሟል። «አንድ ወር ብቻ ቆይልኝ» ብዬ ለመንኩህ። «ላንተ ተረት ብዬ እንጀራዬን ልተው? አብደሃል እንዴ?» ብለህ ስቀህ ወጣህ። ደጃፉ ላይ በግራ እጅህ መቃኑን ይዘህ ጫማህን ታጠልቅ ነበር። ጣቶችህን አየኋቸው፣ አራቱንም። የብረቱን በር በሁለት እጄ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋሁት።

ሲሰበሩ ድምፁን ሰማሁ። በሩን መልሼ ስከፍተው ቆዳህ መቃኑ ላይ ቀርቷል፣ ደሙ በክንድህ ይወርዳል። «ነፋሱ ነው፣ ነፋሱ» አልኩ። አመንከኝ። ክሊኒክ ድረስ ተሸክሜ ወሰድኩህ። ይኸው እስከ ዛሬ ላገኘኸው ሁሉ «ቢኒ ባይኖር ደሜ ፈስሶ አልቅ ነበር» ትላለህ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

የባሰው ገና ነው። ከክሊኒክ ተመልሼ እጄን እንኳ ሳልታጠብ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ክራር አላስፈለገኝም። ጩኸትህ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ ገዳዩ በሱ ተነስቶ፣ በሩን ሰብሮ ገብቶ ሰውዬውን አረደው። አንድ ቃል አልሰረዝኩም። መጽሐፉ ሲወጣ ሰው ሁሉ ያወራለት፣ ሱሉልታ ምርቃቱ ላይ አንተ ራስህ በተጣመሙ ጣቶችህ ገልጠህ ያነበብክልን ገጽ እሱ ነው።

ይቅር በለኝ ለማለት እንኳ አፍሬያለሁ። ብትከስሰኝ ጣቢያ ሄጄ እንዲህ እንደጻፍኩት እናገራለሁ። መጥተህ ብትሰባብረኝም እጄን አላነሳም፤ እዚያው ቤት ነኝ። ዱርሲቱ ቀለበት የምታጠልቅልህን ጣት የሰበርኩት እኔ ነኝ። ቀለበቱን ይዤ ከጎንህ መቆም አልችልም። ለእሁድ ሌላ ሚዜ ፈልግ።

ቢንያም
ከቡራዩ