የወይዘሮ ኢሪዴ ዛማኛ የሕይወት ታሪክና የአባታቸው ገመድ

ወይዘሮ ኢሪዴ ዛማኛ ከአባታቸው ከአቶ ኑሎ ዛማኛና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዴዞሊና ፋቢ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር ወር 1938 በዚችው በቶሬ ሳቢዮ ከተማ ተወለዱ። ቀኑ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ 16 ይላል፤ እናታቸው ደግሞ 14 ነው ይሉ ነበር። ወይዘሮ ኢሪዴ ሁለቱንም ስላላመኑ ዕድሜ ልካቸውን ልደታቸውን በ15 ሲያከብሩ ኖረዋል።

በመነኮሳቱ ትምህርት ቤት እስከ አምስተኛ ክፍል ተምረዋል። መምህርታቸው በውጤት ካርዳቸው ላይ «ጎበዝ ናት፤ ነገር ግን የተነገራትን ሁሉ ሄዳ ከሌላ ሰው ታጣራለች» ብለው የጻፉት እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ አለ። ይህን ታሪክ የጻፈው የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ወይዘሮ ኢሪዴ ቢሰሙት ኖሮ «ማን ነገረህ?» ማለታቸው አይቀርም ነበር።

ጦርነቱ አልቆ አሸዋው ከፈንጂ ከጸዳ በኋላ፣ በ1946 አቶ ኑሎ ከአሮጌ የጀልባ ሸራ አሥራ ሁለት ጃንጥላ ሰፍተው፣ ለበጋ እንግዶች ሊያከራዩ በባሕሩ ዳርቻ ተከሉ። ቦታው ቁጥር 41 ተባለ። ጎረቤቱን ቁጥር 42ን የያዙት የቤዴቲ ቤተሰቦች ናቸው። የቁጥር 41 ስፋት ሃምሳ ሜትር ሲሆን፣ የአቶ ኑሎ የነፍስ አድን ጀልባ ገመድም ልክ ሃምሳ ሜትር ስለነበረ ወሰኑ በእሱ ይለካ ጀመር። በየዓመቱ የብርዱ ወራት ማዕበል የወሰኑን እንጨት ጠርጎ ይወስዳል። ከፋሲካ በኋላ ባለው ረቡዕ ሁለቱ ቤተሰቦች ይወጡና ገመዱን ከቁጥር 41 ግንብ ጥግ ወጥረው፣ ባለቀበት ላይ እንጨቱን እንደገና ይተክላሉ። በከተማችን ከምርጫ ቀን ይልቅ ይህ ረቡዕ ይፈራል።

ወይዘሮ ኢሪዴ በ1961 ከባሕሩ ዳርቻ ነፍስ አድን ዋናተኛ ከአቶ አዴልሞ ጎሪ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጸሙ፤ ከዚያ በፊት ግን ሁለት በጋ ሙሉ ከሩቅ ሲያጠኗቸው ቆይተዋል። በ1964 ልጃቸውን ሚርታን ወለዱ። አቶ አዴልሞ በ1998 እስኪያርፉ ድረስ አሥራ ዘጠኝ ሰው ከውሃ አውጥተዋል፤ በቤታቸው ግን ይህ ነገር ተነሥቶ አያውቅም። በእኛ ዘንድ ጃንጥላ ተተክሎ ሳለ ስለ ሰመጠም ሆነ ሊሰምጥ ስለነበረ ሰው አይወራም። እንግዳ ከሰማ ሻንጣውን አንሥቶ ይሄዳል። ጃንጥላው በሴፕቴምበር ሲነቀል ደግሞ ወሬው ቀዝቅዞ ይቀራል።

በ1971 አቶ ኑሎ ሲያርፉ ቁጥር 41 በልጃቸው በወይዘሮ ኢሪዴ እጅ ገባ። በቁጥር 42 ደግሞ ትንሽ ቆይቶ አቶ ሌርኮ ቤዴቲ አባታቸውን ተኩ። ወይዘሮ ኢሪዴ መጀመሪያ የለወጡት የገመዱን አወጣጠር ነው። «የሰው እጅ ያዳላል፤ ሞተር አያዳላም» አሉና የገመዱን ጫፍ አሸዋ በሚደለድለው ትራክተር አስጎተቱት። ከዚያ ወዲህ ገመዱ በየዓመቱ ሁለት ጣት ያህል ወደ ቁጥር 42 እየገባ ያልቅ ጀመር። አቶ ሌርኮ የጃንጥላ ማቆሚያ ቧንቧዎቻቸውን በአሸዋው ውስጥ ትተው ነበር የሚከርሙት። እንግዲህ ለወይዘሮ ኢሪዴ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሰውየው ሰው በሌለበት በብርዱ ወራት ቧንቧዎቹን ወደ እሳቸው ያስጠጋል።

«ሌርኮ፣ ዘንድሮም ጃንጥላህ እግር አውጥቶ መጣ» ይሉ ነበር በየረቡዑ።

«እሺ ኢሪዴ፣ ነቅለን እንመልሰዋለን» ይላሉ አቶ ሌርኮ።

ይህ እሺታ ነው ይበልጥ ያስጠረጠራቸው። «ንጹሕ ሰው ይከራከራል» ይሉ ነበር። ጃንዋሪ ወር በጉም ብቻቸውን እየወጡ የጎረቤታቸውን ቧንቧዎች ይመረምራሉ። አንድ ዓመት እያንዳንዱን ቧንቧ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረጉበት። በጸደይ ገመዱ እንደ ወትሮው ሁለት ጣት አልፎ ሲገኝ «ከነቀለሙ ነው ያንቀሳቀሰው» አሉ። እኛም ቤተሰቦቻቸው አምነናቸው ነበር። ዛሬ መናገሩ ባያኮራም፣ የቤዴቲን ልጆች በመንገድ ስናገኝ ሰላምታ የማንሰጥበት ጊዜ ነበር።

በ1995 አቶ ሌርኮ ቧንቧ ወደ ኋላ የሚመልሱበት ቦታ ስላለቀባቸው በወሰኑ በኩል የነበረውን ከባሕር እስከ መንገድ የሚደርስ አንድ ረድፍ ጃንጥላ ጨርሰው አነሡ። በቶሬ ሳቢዮ ጃንጥላ ከአያት ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ሠላሳ ዓመት በአንድ ጥላ ሥር የከረሙ፣ ከሞዴናና ከፓርማ ከተሞች የሚመጡ ቤተሰቦችን በየተራ እየጠሩ «ቦታችሁ የለም» ያሏቸው አቶ ሌርኮ ራሳቸው ናቸው። አንዲት ጡረታ የወጡ የሞዴና አስተማሪ ወንበራቸውን ታቅፈው ሲያለቅሱ ሁላችንም አይተናል። ወይዘሮ ኢሪዴ ይህን ከግንቡ ጥግ ሆነው እያዩ «የሰረቀውን መለሰ» አሉ።

በኦክቶበር 2018 ለፈቃድ እድሳት አዲስ ንድፍ ስላስፈለገ አንድ ወጣት ቀያሽ መሣሪያውን ይዞ መጣ። ቁጥር 41 በአንድ ሜትር ከሰማንያ ሦስት ሳንቲሜትር ወደ ጎረቤቱ መግባቱን ነገራቸው።

«ማነው የላከህ? ሌርኮ ምሳ ጋብዞሃል?» አሉት።

«ሲኞራ፣ ሰውየውን አላውቃቸውም። ገመዱን ያምጡትና ራሱን እንለካው።»

ገመዱ በሜትር ተለካ። ሃምሳ አንድ ሜትር ከሰማንያ ሦስት ሆነ። ወይዘሮ ኢሪዴ ሜትሩን አገላብጠው አዩት፤ ከሱቅ ሌላ ሜትር አስገዝተው አስለኩ፤ ያው ሆነ። እንዳያዳላ ብለው ያመጡት ትራክተር አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ገመዱን እየሳበ ሲያረዝመው ነበር። በዚያ ቀን ራት ሳይበሉ ተኙ።

በፌብሩዋሪ 2019 የልብ ሕመማቸው በረታ። ከሕመሙ ይልቅ ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣቸው። ሌርኮ ያውቅ ነበር ወይ? ካወቀስ ለምን ዝም አለ? ሲስቅባቸው ኖሮ እንደሆነስ? «ይህን ሳላውቅ አልሞትም» ብለው ሚርታን ወደ ቁጥር 42 ላኳት። አቶ ሌርኮ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ያንን ደጃፍ ረግጠው አያውቁም ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?»

«ትራክተሩን ያመጣሽ ዕለት።»

«ታዲያ አፍ የለህም? ምን ፈልገህ ነው?»

«ምንም። በ1949 የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ውሃ ወስዶኝ ነበር። አባትሽ ናቸው ያወጡኝ፤ በዚያ ገመድ። ወሩ ኦገስት ነበርና እንግዳ እንዳይሰማ ብለው እኔንም ቤተሰቤንም ዝም አሰኙን፤ እኔም ዝም እንዳልኩ ቀረሁ። ታዲያ ያንን ገመድ ሰው ፊት ውሸታም ልበለው?»

ወይዘሮ ኢሪዴ ግን እንደ ልማዳቸው «ምስክር አለህ?» አሉ።

«አባትሽ የሉ፣ አባቴ የሉ። ከጫፉ ሦስት ክንድ ገባ ብሎ አንድ ቋጠሮ አለ። በብብቴ ሥር ያሰሩኝ እዚያ ላይ ነው።»

ቋጠሮውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አቶ ኑሎ ማንንም አያስፈቱትም ነበር፤ ምክንያቱንም ተናግረው አያውቁም። ወይዘሮ ኢሪዴ ገመዱን አስመጡ። ጫፉን ይዘው ክንዳቸውን እየዘረጉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አሉ፤ እጃቸው ቋጠሮው ላይ አረፈ። ከዚያም እኛ በሕይወታችን አይተነው የማናውቀውን አደረጉ። አለቀሱ።

«ያቺ የሞዴና አስተማሪ እኮ ወንበሯን ታቅፋ ነበር» አሉ።

«ተይው ኢሪዴ።»

«አልተወውም። ረቡዕ ሜትር ይዘህ ና።»

ከፋሲካ በኋላ ባለው ረቡዕ፣ ኤፕሪል 24 ቀን፣ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረዱ። የሜትሩን መነሻ ጫፍ ለማንም አላምንም ብለው በገዛ እጃቸው ግንቡ ጥግ ላይ ይዘው፣ እንጨቱ በሃምሳ ሜትር ላይ ሲተከል እስከ መጨረሻው ተመለከቱ። የተነሣው ረድፍም ወደ ቦታው ተመልሷል።

ወይዘሮ ኢሪዴ ዛማኛ በተወለዱ በ80 ዓመታቸው፣ ሜይ 5 ቀን 2019 ረፋዱ ላይ፣ ልጃቸው አጠገባቸው እንዳለች አረፉ። ልጃቸው ሚርታ፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸው፣ የወንድማቸው ልጅና ጎረቤታቸው አቶ ሌርኮ ቤዴቲ በሕይወት አሉ።

ስለ ቀብራቸው አንድ ትእዛዝ በእጃቸው ጽፈው፣ እንዳይለወጥ በሁለት ምስክር አስፈርመው ትተዋል። ዛሬ ሣጥናቸው ወደ ጉድጓድ የሚወርደው በአባታቸው ገመድ ነው። በቋጠሮው በኩል ያለውን ጫፍ አቶ ሌርኮ ይዘው እንዲያወርዷቸው፣ ሌላ ማንም እንዳይነካው አዘዋል።

ባሕሩንና የብሱን በወሰን የለየ አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ፤ ለእኛም ሳንመረምር ሰላምታ የምንሰጥበትን ልብ ይስጠን። አሜን።