ያላልሽውን ሲጠቅሱ

ውድ ኢሶቤል፣

ስልኬን ማንሳት ካቆምሽ ወዲህ ወሬሽን የምሰማው ከወንድምሽ ከክላይቭ ነው። ትናንት ስደውልለት ሌላ ከተማ ካለው የኩላሊት እጥበት እየተመለሳችሁ ነበር። «እሷ ትነዳለች፣ እኔ አማርራለሁ» አለኝ። ከጎኑ ስትስዪ ሰማሁ። አገናኘኝ ለማለት ፈራሁ።

የምጽፍልሽ በጥናትሽ ላይ ያወጣሽው እርማት ስለተጠቀሰ ነው። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ።

ዛሬም የሚያስጨንቀኝ የጥናትሽ ሁለተኛ ገጽ ነው። እንደ ሙያችን ደንብ የተቃራኒዎችሽን ሐሳብ በቅድሚያ አስቀመጥሽ፤ ትንንሽ ከተሞችን በመንግሥት ገንዘብ ማቆየት ከንቱ ነው የሚለውን። ከዚያ ቄራዋ የተዘጋባትን ታላዲንን፣ የትውልድ ከተማሽን፣ ምሳሌ አድርገሽ እስከ መጨረሻው ገጽ አፈረስሽው። የመጀመሪያው ጠቃሽ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያቆመ ይመስለኛል። ሌሎቹ ከእሱ ቀዱ። እኛ ሰዎች እንዲህ ነን፤ ማን ሁሉንም ያነባል? ያፈረስሽው ሐሳብ በስምሽ መጠራት ጀመረ።

የፋኩልቲያችን ዲን ኬክ አመጣልሽ። «በክልል ልማት እንዳንቺ የተጠቀሰ የለም!»

«የጠቀሱት ያላልኩትን ነው።»

«ኢሶቤል፣ እባክሽ፣ ኬኩን ቁረጪ።»

ከዚያ የጤና ቢሮው ስምሽን ጠቅሶ የታላዲን ሆስፒታል እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረበ። ውሳኔው እስኪመጣ ብለው የእጥበት ክፍሉን ቆለፉት። ለክላይቭ ስታስረጂው አብሬሽ ነበርኩ።

«ድሮም የኛን በግ ልትሸጪ ወጥተሽ የጎረቤትን ነበር የምታሞግሺው» አለሽ። ሦስታችንም ሳቅን። እሱ ቀድሞ አቆመ።

«እሺ፣ እኔስ የት ልታጠብ ነው?»

በዚያው ሳምንት ሥራሽን ለቀሽ ወደ እሱ ሄድሽ፤ እርማቱንም እዚያው ሆነሽ ጻፍሽ። አጭር ነበር፤ ልጅ የሚረዳው። መጽሔቱ ሳይዘገይ አወጣው። ከውሳኔው በፊት ደረሰ። በቃ፣ ሆስፒታሉ ሊተርፍ ነው ብዬ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ውሳኔው ወጣ፤ ሆስፒታሉ ይዘጋል። የግርጌ ማስታወሻውን ፈለግሁ። ስምሽ ሁለት ጊዜ አለ፤ አንዱ ለጥናቱ፣ ሌላው ለእርማቱ። ከጎኑ «ደራሲዋ በቅርቡም አረጋግጣዋለች» ይላል።

ጤና ቢሮው ደወልኩ። አንዲት ትሑት ሴት አነሳች።

«ሁለት ምንጭ ሲሆን ይጠናከራል ብለን ነው።»

«አንብበሽዋል?»

«አርእስቱን አይቻለሁ።»

«አሁን ብታነቢው?»

«ተፈርሟል እኮ፣ ጌታዬ።»

ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ክፋት ቢኖር ምናለ። የምጮኽበት አገኝ ነበር።

ሌላ እርማት እንጻፍ ልልሽ ጀምሬ ተውኩት። እሱንም ይጠቅሱታል።

በሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ይዘጋል። መኪናዬን አስፈትሻለሁ፤ ታላዲን ማደሪያም ጠይቄያለሁ። የሐሙሱን የእጥበት መንገድ ለእኔ ተዪልኝ፣ ክላይቭን እኔ ልውሰደው። ባታናግሪኝም በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

ያንቺው ሌስተር