ከሃያ ሁለተኛው እስከ ሃያ አምስተኛው ደቂቃ

አምቦ፣ የካቲት 3 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ፣ ለአባ ዶርቃስ
ጋምቤላ

የጌታ ሰላም ካንተ ጋር ይሁን። የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ጋ ብርዱ ገና አልለቀቀንም። ልጃችን ዶርቃስ በርትታለች፤ ዘንድሮ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች።

እንደ ወትሮው አስተካክዬ በሲዲ እንዳባዛው የላክኸው ስብከት በፍላሽ ደርሶኛል። ይዛልኝ የመጣችው ሽታዬ የምትባለው የመዘምራን መሪያችሁ ናት። ገና በሩን ስከፍትላት እጄን ይዛ አልለቅ አለች። ዓይን ዓይኔን ግን አታይም። ሻይ ጠጪ ብላት አልቀመጥም ብላ ሄደች። ደስ አላለኝም።

ከፍላሹ ጋር ያለችውን ወረቀት ሳነብ ደግሞ ባሰብኝ። «ከሃያ ሁለተኛው እስከ ሃያ አምስተኛው ደቂቃ ድምፁ ተበላሽቷል፤ ሳትሰሚው ቁረጪው» ብለሃል። በምን ፕሮግራም እንደምቆርጥም መርጠህልኛል፤ ደቂቃው ብቻ ተጽፎለት በሚቆርጠው። ኮምፒውተር ለመክፈት እንኳ ዶርቃስን የምትጠራው ሰው ከመቼ ወዲህ ነው ፕሮግራም የምታማርጠው? ሽታዬ መክራህ ነው አልኩ።

ቢሆንም ያልከውን ጫንኩት። ደቂቃውን ጻፍኩለት፣ ቆረጠ። ግን «እግዚአብሔር ታማኝ ነው» ስትል «ነው» የምትለዋን ይዟት ሄደ። እንዲህ ጎርዶ ለሰው ይሰጣል? ኮምፒውተር ቤት ያለውን ፉአድን ብጠይቀው ሌላ ሁለት ፕሮግራም ሰጠኝ። አንዱ ገና ሲጫን ኮምፒውተሩ ቫይረስ አለ አለኝ፤ አላመንኩትም፣ አጠፋሁት። ሁለተኛው ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ነው። ድምፅህን እንደ ተራራ ሰንሰለት ስሎ ያሳያል፤ ዝም ያልክበት ሜዳ ይሆናል። መቁረጥ ሜዳው ላይ ነው። ትክክለኛውን ቦታ ለማግኘት ግን ማዳመጥ ግድ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ግድ ባይሆንም አዳምጠው ነበር። የሌላ ሴት ስም እሰማለሁ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ድምፁ አልተበላሸም። የሰማሁት የራሴን ስም ነው። «ለባለቤቴ ለጃለኔ ጸልዩልኝ» አልክ። «ሐኪሙ ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ። እሷ ጨጓራ ይመስላታል። ልነግራት አፌ እምቢ አለኝ።» የበሽታውንም ስም ጠራኸው፤ እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ አለቀስክ። ሽታዬ ጸሎት ጀመረች።

መስከረም ላይ አዲስ አበባ የሄድን ጊዜ፣ ሐኪሙ እኔን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ አንተን ብቻ አስገባህ። ስትወጣ ፊትህን አይቼው ነበር። ስጠይቅህ «ጨጓራ ነው፤ በርበሬ ቀንሺ» አልከኝ። ቀነስኩ። በወሩ ደግሞ ጋምቤላ ለማገልገል ሄድክ። ተመድበህ ነው ወይስ ራስህ ጠይቀህ? ይህን እስካሁን አላወቅኩም።

ሽታዬን በክፉ ስላሰብኳት ይቅር ትበለኝ፤ ንገርልኝ። ስብከቱን እንዳልከው ቆርጬዋለሁ፤ ሲዲው ለጊንጪና ለጉደር አጥቢያዎች ተልኳል። የሰማ ሰው መቆረጡን አያውቅም። የቆረጥኩትን ግን አላጠፋሁትም። ለዶርቃስም ምንም አላልኳት።

ለሌላ ሰው ስትናገር ሰማሁህ። አሁን ፈቃድ ጠይቀህ ና፤ ፊት ለፊቴ ተቀመጥና ለእኔ ንገረኝ። እስክትጨርስ አላቋርጥህም።

ጌታ መንገድህን ያቅናልህ፤ በሰላም ለቤትህ ያብቃህ።

ባለቤትህ ጃለኔ