እኔን ሳትጠይቅ

ለምወድህ፣ ዛሬ ግን በጣም ለተቆጣሁህ ታላቅ ወንድሜ፤

ጋሼ፣ ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህ እንዴት ነው? ያ ደረቅ ሳልህስ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ይቀሰቅሳል? እትዬስ ደህና ናት? ልጃችሁስ? ግቢው፣ ጎረቤቱ፣ ያ እግሩን እየጎተተ የሚሄደው ውሻ ሳይቀር ደህና ነው? እኛ እዚህ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጄ ደህና ናት፣ ባሏም ደህና ነው፣ የልጅ ልጄ ጩጬዋም አድጋለች። እኔም ከንዴት በቀር ምንም አልሆንኩም። ስለ ዓይንህ ግን እዚህ ላይ አልጠይቅህም፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

በስልክ ያልነገርኩህ ስለማውቅህ ነው። አንተ በስልክ ስትያዝ መስመሩ ይቆራረጥብሃል። ካልተቆራረጠም ቀልድ ትጀምርና እኔም እየሳቅሁ የደወልኩበትን ጉዳይ እረሳዋለሁ። ወረቀት ግን አይዘጋም። ስለዚህ ቁጭ ብለህ ስማኝ።

እንድሄድ ያደረግኸኝን ቀን አልረሳሁትም። የተማሪ ዩኒፎርም እየቆረጥኩ ነበር፤ ሱቄ ውስጥ ጨርቁ እስከ ጉልበቴ ተቆልሏል። መጥተህ በርጩማው ላይ ተቀመጥክና ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ ልጅሽ ከወለደች ወዲህ ሰውነቷ አልቋል፣ ሥራ ቦታ ወድቃ ነው ያነሷት፣ ነይልኝ ማለት ትፈልጋለች ግን ኩራት ይዟታል፣ እኔ መንገሬን እንዳትነግሪያት አልከኝ። አልሄድም፣ የሰው አገር ምን ይሠራልኛል እያልኩ ስንት ጊዜ ተከራክሬህ ነበር። ልጄ ወደቀች ስትለኝ ግን መቀሱ እጄ ላይ ከበደኝ። የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ፣ ደንበኞቼን ተሰናብቼ፣ እያቅማማሁ መጣሁ።

እዚህ ያለውን ኑሮዬንም በትክክል ነግሬህ አላውቅም፤ እንዳይከፋህ ብዬ። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ አንዱ ፎቅ ላይ አፉን ከፍቶ ይቀራል። የምተኛው ከጩጬዋ ጋር ተደራራቢ አልጋ ላይ ነው፣ እሷ ከላይ እኔ ከታች። በተገላበጠች ቁጥር ጣውላው አናቴ ላይ ይንቋቋል። ልጄ የሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች፤ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ደክማ ትገባለች። ባሏ ሾፌር ነው፤ ሲገባ ሶፋው ላይ ካረፈ አለቀ፣ እንደ ግንድ ነው የሚተኛው። እኔ ጩጬዋን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ መንገድ ማዶ ካለው ላውንደሪ ቤት እገባለሁ።

ሥራ አገኘሁ ስልህ ምን ያህል እንደተደሰትክ አስታውሳለሁ። ሥራው ምን መሰለህ? ከጀርባ በኩል፣ መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሰው ሱሪ ማሳጠር ነው። የሱሪውን ባለቤት አላየውም። ደንበኛ የምትቀበለው ልጅ ስፒል ትሰካና በሩ ላይ በተሰቀለው መጋረጃ ሥር ትወረውርልኛለች። አንድ ቀን አንዱ እግሩ ከሌላው አጥሮ ስፒል የተሰካበት ሱሪ መጣ። ልጅቷ ተሳስታ ነው ብዬ እኩል አድርጌ ሰፋሁት። ለካ ሰውየው አንድ እግሩ አጭር ኖሯል! ሲጮህ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማሁትና ወጥቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። እንደኔ ሱቅ ቢሆን ገና ከበሩ ሲገባ አረማመዱን አይቼ አውቅ ነበር። አሁን ሳስበው አንተም እኔንና ልጄን የሰፋኸን እንዲሁ ነው፤ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነህ።

ነገሩ የፈነዳው ባለፈው እሁድ ነው። ልጄ የሥራ ልብሷን ትተኩሳለች፣ እኔ የጩጬዋን ካፖርት ቅምቅማት እፈታለሁ። ለምን ሳትጠይቂኝ ትፈቺዋለሽ አለችኝ። እጅጌው ክንዷ ላይ ቀርቷል፣ ዓይንሽ የት ነው ያለው አልኳት። ደክሟት ነበርና አመረረች። እማዬ፣ ከሥራዬ አጠገብ የነበረውን ቤቴን የለቀቅሁት ላንቺ መኝታ ይኑርሽ ብዬ ነው፣ በሁለት አውቶቡስ የምመላለሰው ላንቺ ብዬ ነው፣ ልጄ ጋ ካልሄድኩ ብለሽ እህል አልቀምስ ስላልሽ ነው ይህ ሁሉ፣ አለችኝ። ጋሼ፣ እኔ ነኝ እህል አልቀምስ ያልኩት? ቁርሴን ሳልበላ መርፌ የማልይዘው ሴትዮ?

ማን አለሽ አልኳት። አጎቴ ነዋ፣ አለች። እናትሽ እየጠወለገች ነው፣ ሱቋን ዘግታ ግድግዳ ስታይ ትውላለች፣ ውሰጂኝ ማለት አፍራ ነው፣ እኔ መንገሬን እንዳትነግሪያት ብሎኝ ነው አለች። እኔም ለኔ ያልከኝን ነገርኳት። ወድቄ አላውቅም፣ ማንም አንሥቶኝ አያውቅም አለች። ካውያው ተረስቶ ጨርቁ እስኪሸት ድረስ ተያየን። ይሉኝታችንን እያወቅህ ነው የተጫወትክብን። እኔ እሷን ላለማሳፈር፣ እሷ እኔን ላለማሳፈር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ አፋችንን ይዘን ኖርን። እኔ ሱቄን ትቼ ውለታ የዋልኩላት መስሎኛል፣ እሷም ቤቷን ለቃ ውለታ የዋለችልኝ መስሏታል። አንዳችን ከአንዳችን ምስጋና ስንጠብቅ ሁለታችንም አኮረፍን። ያልተጣላን ሰዎች አስታርቀህ አጣላኸን!

ልጄ ወዲያው ስልክ አነሣች፤ ላንተ አይደለም፣ ለእትዬ። እሷን እንዳትቆጣት። በመጀመሪያ አላውቅም ብላ ነበር፣ ልጄ ግን አለቀቀቻትም። በመጨረሻ አለቀሰችና ነገረችን። ሐኪሙ ዓይንህ እየጠፋ መሆኑን የነገረህ እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው። ዛሬ አንዱ ጨርሶ ጠፍቷል፣ ሌላው የሚለየው ጥላ ብቻ ነው። እናታችን አልጋ ላይ በዋለችባቸው ዓመታት ያነሣኋትም ያስተኛኋትም እኔ ነኝና፣ እህቴ ቀሪ ዕድሜዋን ደግሞ እኔን ስትመራ አትኖርም ብለህ ምለሃል አሉ። እትዬንም ለማንም እንዳትተነፍስ አስምለሃታል።

እንዲያ ነው? እናታችንን ሳነሣ ማን ነበር ያስገደደኝ? አዎ፣ አማርሬያለሁ። ወገቤን ሲቆርጠኝ ጓሮ ወጥቼ ብቻዬን ተሳድቤያለሁ። ያማረረ ሰው ሁሉ ይጣል፣ ከአገር ይውጣ የተባለው መቼ ነው? ባሌ ሲሞት ከግቢህ ቆርሰህ ያቺን ሱቅ የሠራህልኝ አንተ ነህ። ያኔ እኔ ሸክም አልነበርኩም፤ ተራው ያንተ ሲሆን ነው ሸክም የሚባል ነገር የመጣው? ሻንጣዬን እየዘጋህልኝ፣ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ነው መኖር ያለበት አልከኝ። አንተስ ምኔ ነህ? ተከራዬ ነህ? ይህን ስጽፍ እያለቀስኩ ነው፤ ግን የንዴት ነው፣ እንዳታዝንልኝ።

በማግስቱ ልጄ ከሥራ እንደገባች አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ እማዬ መመለስ ከፈለግሽ ተመለሺ፣ አይከፋኝም አለችኝ። ከልቧ እንደሆነ ፊቷ ላይ አየሁ። ይባስ የሚያናድደኝ ይኸው ነው፤ ሂጂ ስትለኝ መሄድ አቃተኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጫማዋን ሳታወልቅ እኔ ጋ መጥታ ውሎዋን ታወራኛለች። አለቃዋን በድምፅ ስታስመስለው ጩጬዋ ከላይ አንገቷን አውጥታ ትንከተከታለች። ልጄን ያገኘኋት ገና አሁን ነው። ታዲያ ደህና አደረግሁ ብለህ እንዳትኩራራ፤ ያገኘኋት ውሸትህ ሲፈርስ ነው።

አሁን የምልህን እየነገርኩህ ነው፣ እያማከርኩህ አይደለም። ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ። ክረምቱን እዚያው ዩኒፎርሜን እየሰፋሁ ካንተ ጋር እሆናለሁ፣ ትምህርት ሲከፈት እዚህ እመለሳለሁ። በያመቱም እንዲሁ ነው። ላውንደሪ ቤቱ አልስማማም ካለ የሱሪውን ነገር እግዚአብሔር ይወቀው። የስፌት መኪናዬንም የቴሌቪዥን ማስቀመጫ እንዳደረጋችሁት እትዬ አምልጧት ነግራናለች። አንሡልኝ! አንተ እንደሆነ ከቴሌቪዥኑ የምትሰማው ድምፁን ነው፣ መሬት ቢቀመጥም ያው ነው። ተቆጣህ? ጥሩ፣ እኔም ተቆጥቻለሁ።

ልጅህን ጉንጯን ሳምልኝ፤ አባቷን እጁን ይዛ ስትሄድ ጉድጓዱን እንጂ ስልኳን እንዳታይ ንገራት። ጎረቤታችንን ቆርቆሮ ሠሪውን ሰላም በልልኝ፤ የሱቄ ጣሪያ ካፈሰሰ ግን ሰላምታዬን ይመልስ። ያን ሸፋፋ ውሻም ከኔ ሥጋ ጣሉለት። ልጄ ጉልበትህን ትስማለች፣ ገና እንዳኮረፈች ናት። ባሏም እንደዚህ የሚዋሽ ሰው ከቤተሰባችን መውጣቱ ገርሞት ብዙ ሰላም ይልሃል። ጩጬዋ ደግሞ አጎቴ መቼ ነው ሰፊ ጀርባውን የሚያሳየኝ እያለች ነው፤ ላዝልሽ እያልክ በስልክ ተስፋ የሰጠሃት አንተ ነህ።

እትዬ፣ ይህን የምታነቢለት አንቺ ነሽ። የተቆጣሁባቸውን ቦታዎች እየዘለልሽ እንዳታነቢለት። ድምፅሽንም አታለዝቢው፣ እንደጻፍኩት በቁጣ አንብቢለት። ካለቀሰ ዝም ብለሽ ጠብቂውና ካቆምሽበት ቀጥዪ። ብጠይቃት ኖሮ ምን ትል ነበር ብሎ ይጠይቅሽ ይሆናል። የምለውን ስላወቀ ነው ያልጠየቀኝ በይው።

እህትህ

ከልጄ ቤት፣ ከሦስተኛው ፎቅ
ጥር ፲፮ ቀን