በቀለም ያጸናሁት ጣራ

ውድ ባለቤቴ ጌቱዬ፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ከአሥር ቀን ሆነ። ሰላምታዬ በምን በኩል እንደሚደርስህ አላውቅም፤ ብቻ እንደ ድሮው ከሥራ መልስ የሆነውን ልንገርህ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሮውሌት ከተማ ያለው ቤታችን ጣራ ተቀየረ። ያ በረዶ የመታው፣ ስንት ጊዜ የተነታረክንበት ጣራ። አንተ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጠረጴዛህ ላይ ተደፍተህ፣ ስንት ዘመን ፈርሶ የኖረ የሮማውያን መታጠቢያ ቤት በወረቀት መልሰህ ስታቆም፣ እኔ የሚያንጠባጥበው ሥር ባልዲ እየደቀንኩ፣ የሰው ጣራ ከማቆም የራስህን ብትደፍን ምናለ እልህ ነበር። ትስቃለህ። ፍሪስኮ ከተማ ባለው ቢሮህ ሳምንቱን ሙሉ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ስትነድፍ ስለምትከርም፣ ቅዳሜ የነፍሴ ናት ትለኛለህ። አሁን ጣራው አያፈስም። ባልዲውን ግን ከቦታው አላነሳሁትም።

የምጽፍልህ ስለ ጣራችን አይደለም። ያጠፋሁት ነገር አለ።

ለአርባ ቀንህ ቤቱ ሰው ሊሞላ ነውና፣ ያን የመታጠቢያ ቤት ንድፍ ፍሬም አሠርቼለት ከፎቶህ ጎን ልሰቅለው አሰብኩ። አውጥቼ ሳየው ግድግዳው እስከ ወገቡ በጥቁር ቀለም ተሠምሯል፤ ከዚያ በላይ ያለው ቅስትና ጣራ ግን በእርሳስ የተቆራረጠ መስመር ብቻ ነው። ሞት ቀደመውና ሳይጨርሰው ቀረ ብዬ አሰብኩ። ብዕርህንና ማስመሪያህን አነሳሁ። ትንፋሼን ይዤ፣ ቁርጥራጩን ሁሉ እየገጣጠምኩ በቀለም አስኬድኩት። ልንገርህ፣ በእጄ ሥራ ኮርቼም ነበር።

ልጃችን ሳራ አየችውና ጣቷን በቀለሙ መስመር ላይ አሳለፈች። 

«ማሚ፣ ይሄ እኮ ያላለቀ አልነበረም። ዳዲ ፍርስራሹ ላይ ያለውን ብቻ ነው ኢንክ የሚያደርገው። ሌላው፣ ማለቴ፣ ጌስ ያደረገው ነው። ማንም አያውቀውም።»

ስንት ጊዜ ነግረኸኝ ነበር! ከመሬት የተገኘው በቀለም፣ ሰው የገመተው በተቆራረጠ የእርሳስ መስመር፤ ሁለቱን የቀላቀለ ንድፍ ይዋሻል ትል ነበር። እኔ በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰዋለሁ።

ጌቱዬ፣ ያን ዕለት ያስለቀሰኝ ንድፉ ብቻ አልነበረም። አንተ ሆስፒታል ተኝተህ ስታርፍ እኔ አዲሰን ከተማ፣ አረጋውያን መጦሪያው ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ስልኬም ሎከር ውስጥ ተቆልፎበት። ሆስፒታል ስደርስ ነርሷ የነገረችኝ እንቅልፍ እንደወሰደህና እንዳልነቃህ ብቻ ነው። እኔ ግን ለቅሶ ለመጣው ሁሉ፣ ለእናትህም ጭምር በስልክ፣ ስሜን ጠርተህ እንዳረፍክ አወራሁ። መጀመሪያ ሳይጠራኝ አይቀርም አልኩ። ኋላ ጠርቶኛል አልኩ። ሲደጋገም እኔም አመንኩት። ለካ ንድፉን ከመንካቴ በፊትም ያልታየ ጣራ በቀለም ሳጸና ነበር የሰነበትኩት።

እንደዚያው ተሸክሜው ወራት ዞርኩ። ያለፈው እሑድ ግን ለእናትህ ደወልኩና እውነቱን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። 

«ጠርቶሽም ይሆናል ልጄ» አሉኝ፤ «እኛ አናውቅም።»

አንተ ስንት ዓመት ያስተማርከኝን እርሳቸው በአንድ አፍታ ተረዱት። ስልኩን ዘግቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ንድፉን አልሰቀልኩትም፤ ጠረጴዛህ ላይ እንዳለ ነው። አንተን ግን እንዲህ ይዤህ እኖራለሁ፦ ቅዳሜህን፣ ሳቅህን፣ ግንባርህን ስታክ እዚያው የሚቀረውን የእርሳስ ጥቁረት በቀለም። የመጨረሻዋን ሰዓትህን በእርሳስ፣ ቆረጥ ቆረጥ አድርጌ፤ ዳግመኛ አልገጣጥማትም።

ጠርተኸኝም ከሆነ አልሰማሁህም። ይቅር በለኝ።

ያንተዋ አስቴር